4,294,967,297፦ ብቸኛ የመሰለው ቁጥር

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ ከኮንዶሚኒየሙ መግቢያ እስከ ታክሲ ተራው ባሉት የመብራት ምሰሶዎች ላይ የተለጠፉትን «የሚከራይ ቤት» እና «አስጠኚ አለን» የሚሉ ወረቀቶች ልብ ብሎ ያየ ሰው ዐሥር አሃዝ ያለው ቁጥር አዲስ አይሆንበትም። 4,294,967,297 ከእነዚህ ወረቀቶች በአንዱ ላይ ቢጻፍ፣ በ09 ወይም በ07 አለመጀመሩን ካላስተዋለ በቀር፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ የደላላ ስልክ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ይህ ቁጥር ግን አንድ ታላቅ የሒሳብ ሰው የተሳሳተበት፣ ሌላ ታላቅ ሰው ከዘጠና ዓመታት በኋላ ያረመው፣ እስከ ዛሬም የቁጥሮች ጠባይ ሲጠና እንደ ምሳሌ የሚጠቀስ ቁጥር ነው። ይህን ማብራሪያ የጻፍኩት በሠፈራችን ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበው ለሚያጠኑ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ነው። በመሆኑም ከማካፈል፣ ከማባዛትና ከቀሪ በላይ የሆነ እውቀት አይጠይቅም። መብራት ቢጠፋም ስሌቱ በሙሉ ማለት ይቻላል በእስክሪብቶና በወረቀት ይሠራል።

አስቀድሞ አንድ ትርጉም እናስቀምጥ። ብቸኛ ቁጥር የምንለው ከ1 የሚበልጥ ሆኖ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ ሙሉ ቁጥር የሌለውን ቁጥር ነው። 7፣ 13 እና 101 ብቸኛ ናቸው፤ 91 ግን ብቸኛ ቢመስልም 7 ጊዜ 13 ስለሆነ አይደለም።

ቁጥራችን ከየት እንደመጣ ማየት ቀላል ነው። ከ2 ተነሥተን እያንዳንዱን ውጤት በራሱ ብናባዛ 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536 እና 4,294,967,296 እናገኛለን። በእያንዳንዳቸው ላይ 1 ስንጨምር 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 እና 4,294,967,297 ይሆናሉ። የመጨረሻው ያለ 1 ጭማሪው 2 በራሱ 32 ጊዜ የተባዛበት ስለሆነ፣ በአጭሩ 2³² + 1 ተብሎ ይጻፋል። እነዚህ ቁጥሮች የፌርማ ቁጥሮች ይባላሉ፤ ቆጠራቸው ከዜሮ ስለሚጀምር የእኛው ቁጥር በተራ ስድስተኛ ቢሆንም «አምስተኛው» እየተባለ ይጠራል። ፒዬር ደ ፌርማ በቱሉዝ ከተማ የሕግ ሰው የነበረ፣ ሒሳብን በትርፍ ጊዜው የሚሠራ ፈረንሳዊ ነው። በ1640 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጻፋቸው ደብዳቤዎች፣ በዚህ መንገድ የሚገኙት ቁጥሮች ሁሉ ብቸኛ እንደሆኑ እንደሚያምን ገለጸ፤ ማረጋገጫ እንዳላገኘለት ግን አልደበቀም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በዚያው አቆጣጠር ናቸው።)

እምነቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 በእርግጥ ብቸኛ ናቸው። ቀጣዩም ቢሆን ተማሪ በሚያውቃቸው ፈጣን ፈተናዎች ሁሉ ያልፋል። መጨረሻው 7 ስለሆነ በ2ም በ5ም አይካፈልም። የአሃዞቹ ድምር 59 ስለሆነ በ3 አይካፈልም። አሃዞቹን ከቀኝ ጀምሮ አንዱን እየደመርን አንዱን እየቀነስን ብንሄድ ከዜሮ 17 ያነሰ ስለምናገኝ በ11 አይካፈልም። በ7 ሲካፈል 5፣ በ13 ሲካፈል 10 ይተርፋል። ከዚህ በኋላ አብዛኛው ሰው ይደክመውና «ብቸኛ ሳይሆን አይቀርም» ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ እስከ ስንት ድረስ ነው የምንሞክረው?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቋል። መልሱ እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ የሚል ነው፤ ምክንያቱም አንድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ሁለቱም ከስኩዌር ሩቱ ሊበልጡ አይችሉም። የእኛው ቁጥር ስኩዌር ሩት ከ65,536 እጅግ በጥቂቱ ይበልጣል፤ እስከ 65,536 ድረስ ደግሞ 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ይህን ሁሉ በእጅ ማካፈል የወራት ሥራ ነው። ሆኖም ከ2 ጀምሮ በተራ የሚሞክር ትዕግሥተኛ ሰው ስድስት ሺህ ጊዜ ማካፈል አያስፈልገውም ነበር፤ በ116ኛው ሙከራ ላይ ቁጥሩ ይከፈትለት ነበር። ፌርማን የሚያህል ሰው ይህን ያህል ቀርቦ አለማግኘቱ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

በ1729 የሒሳብ ሰው የነበረው ክርስቲያን ጎልድባኽ የፌርማን እምነት ለወጣቱ የሒሳብ ሰው ለሊዮናርድ ኦይለር በደብዳቤ አሳሰበው፤ ኦይለርም በ1732 ቁጥሩ ለ641 እንደሚካፈል አሳየ። ኦይለር ግን 116 ጊዜ ማካፈል አላስፈለገውም። የትኞቹ ቁጥሮች ፈጽሞ አካፋይ ሊሆኑ እንደማይችሉ አስቀድሞ የሚለይ መንገድ አለና፣ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እርሱ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

መሣሪያችን ቀሪ ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰሉ ሊቃውንት ይህን መሣሪያ ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ለምሳሌ የ2017 ዓ.ም. በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት 5,500 ሲደመርበት 7,517 ይሆናል፤ ይህ በ19 ሲገደፍ፣ ማለትም በ19 ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ሲያዝ፣ 12 ይተርፋል፣ አንዱን አትቶ ወንበሩ 11 ይሆናል። 11 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 1፣ 11 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 29 ይወጣል። አስልቶ የሚያውቅ ሰው እንደሚያስተውለው፣ በመካከል ላይ የሚገኘው ቁጥር የቱንም ያህል ቢተልቅ የሚፈለገው ቀሪው ብቻ ነው፤ በየደረጃው እየገደፉ መሄድም የመጨረሻውን ውጤት አይለውጠውም። እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

የ2ን ብዜቶች ማለትም 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያልን በአንድ ብቸኛ ጎዶሎ ቁጥር ብንገድፍ ቀሪዎቹ ከተወሰነ እርምጃ በኋላ ወደ 1 ተመልሰው ዑደት ይሠራሉ። በ7 ብንገድፍ 1፣ 2፣ 4፣ ከዚያ እንደገና 1፣ 2፣ 4 እያለ በየሦስት እርምጃ ይመለሳል። በ17 ብንገድፍ ደግሞ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 15፣ 13፣ 9 ብሎ በስምንተኛው እርምጃ ወደ 1 ይመለሳል። ፌርማ ራሱ በዚያው በ1640 የደረሰበት ሌላ ሕግ፣ ይህ ዑደት ምንጊዜም ከብቸኛው ቁጥር አንድ ያነሰውን ያለ ቀሪ እንደሚያካፍል ይናገራል፤ ለ7 ዑደቱ 3 ሲሆን 6ን ያካፍላል፣ ለ17 ዑደቱ 8 ሲሆን 16ን ያካፍላል።

አሁን አንድ ያልታወቀ ብቸኛ ቁጥር 2³² + 1ን ያካፍላል ብለን እናስብ። ያ ማለት 2³² በዚህ ቁጥር ሲገደፍ የሚተርፈው ከራሱ ከቁጥሩ አንድ የጎደለ ነው ማለት ነው። ከቁጥሩ አንድ የጎደለ ቀሪ በራሱ ሲባዛ ምንጊዜም 1 ስለሚተርፍ፣ በ64ኛው እርምጃ ላይ ዑደቱ ወደ 1 ይመለሳል። በ32ኛው ላይ ግን ገና 1 አልደረሰም። እንግዲህ የዑደቱ ርዝመት 64ን ያካፍላል፣ 32ን ግን አያካፍልም፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ደግሞ 64 ራሱ ብቻ ነው። ከላይ በጠቀስነው ሕግ መሠረት 64 ከአካፋዩ አንድ ያነሰውን ማካፈል አለበት። ስለዚህ የእኛ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ቢኖረው ከ64 ብዜቶች በአንዱ ላይ 1 የተጨመረበት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህች አንዲት ሐሳብ ከ116 ሙከራ አምስት ብቻ ታስቀራለች። 65፣ 129፣ 193፣ 257፣ 321፣ 385፣ 449፣ 513፣ 577፣ 641 ብለን ስንዘረዝር፣ ከእነዚህ ውስጥ ብቸኛ የሆኑት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው። 2³² በ193 ሲገደፍ 108፣ በ257 ሲገደፍ 1፣ በ449 ሲገደፍ 324፣ በ577 ሲገደፍ 287 ይተርፋል። የምንፈልገው ከአካፋዩ አንድ የጎደለ ቀሪ ስለሆነ አራቱም ወደቁ። 641ን እንሞክር። 2 በራሱ ሲባዛ 4፣ 4 በራሱ 16፣ 16 በራሱ 256፣ 256 በራሱ 65,536 ነው፤ ከዚህ ላይ 102 ጊዜ 641 የሆነውን 65,382 ስንቀንስ 154 ይተርፋል። 154 በራሱ ሲባዛ 23,716 ነው፤ ከዚህ ላይ 36 ጊዜ 641 የሆነው 23,076 ሲነሣ 640 ይተርፋል። 640 ከ641 አንድ የጎደለ ነው። እንግዲህ 2³² ላይ 1 ሲጨመር በ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ዐሥር አሃዝ ያለውን ቁጥር አንድም ጊዜ ሳንነካው ከአምስት አሃዝ ባልበለጠ ስሌት ጨረስን ማለት ነው። በ1878 ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ኤድዋርድ ሉካስ ሕጉን አጥብቆ በ64 ፈንታ 128 ማድረግ እንደሚቻል አሳየ፤ በዚያ መንገድ ቢሄዱ ከ641 በፊት የሚፈተነው ብቸኛ ቁጥር 257 ብቻ ነው።

ሲካፈል የሚገኘው 6,700,417 ነው። ይህን መልሶ በማባዛት ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው፣ በውጭ ሀገር የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ የኢትዮጵያውያን ማባዣ እየተባለ በሚታወቀው፣ አንዱን ወገን በማጋመስ ሌላውን በማጠፍ በሚሠራው ዘዴ ቢጠቀም ደስ የሚል ነገር ያያል። በአንድ ወገን 641 ጽፈን፣ ትራፊውን እየተውን ስናጋምስ 641፣ 320፣ 160፣ 80፣ 40፣ 20፣ 10፣ 5፣ 2፣ 1 ይወጣል። በሌላው ወገን 6,700,417ን በየረድፉ እናጥፋለን። በግራ በኩል ጎዶሎ ቁጥር ያለባቸው ረድፎች 641፣ 5 እና 1 ብቻ ስለሆኑ የሚደመሩትም ሦስት ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ 6,700,417፣ 857,653,376 እና 3,430,613,504። ድምራቸው 4,294,967,297 ነው።

ሥራው ግን አላለቀም፤ 6,700,417 ራሱ ሌላ አካፋይ ይኖረው እንደሆነ መታየት አለበት። የዚህ ቁጥር አካፋይ ሁሉ የትልቁም አካፋይ ስለሆነ የሉካስ ሕግ እዚህም ይሠራል። ስኩዌር ሩቱ 2,588 ገደማ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ከ128 ብዜት አንድ የሚበልጡት ብቸኛ ቁጥሮች 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው። ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 170፣ 44፣ 120፣ 334 እና 622 ናቸው። አንዱም ዜሮ አይደለምና 6,700,417 ብቸኛ ነው። ሰባት አሃዝ ያለው ቁጥር ብቸኛ መሆኑን አምስት ጊዜ ብቻ በማካፈል ያረጋገጠ ተማሪ፣ በእኔ አስተያየት፣ ቀመር ከመሸምደድ የበለጠ ነገር ተምሯል።

በዚህ ጉዳይ ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ የዜራ ኮልበርን ነው። በ1804 በአሜሪካ ቨርሞንት የተወለደው ይህ ልጅ በቃሉ በማስላት ዝነኛ ሆኖ ገና ሕፃን ሳለ ወደ ለንደን ተወስዶ ነበር። በዚያም ይህ ቁጥር ሲቀርብለት 641 እና 6,700,417ን በጭንቅላቱ ብቻ እንዳገኛቸው ተመዝግቧል። እንዴት እንዳደረገው በትክክል መናገር አይቻልም፤ 116ቱን ብቸኛ ቁጥሮች በተራ ሞክሮ ሊሆን ይችላል፣ ለእንዲህ ዓይነት ልጅ ያ ብዙ አይደለምና።

ሁለቱ አካፋዮች ከታወቁ በኋላ የቁጥሩ ሌሎች ጠባያት ያለ ድካም ይወጣሉ። አካፋዮቹ 1፣ 641፣ 6,700,417 እና ራሱ ብቻ ናቸው። ራሱን ሳንጨምር የሌሎቹ ድምር 6,701,059 ስለሆነ ቁጥሩ ከአካፋዮቹ ድምር እጅግ ይበልጣል፤ ድምራቸው ከራሱ ጋር እኩል እንደሚሆነው እንደ 6 ወይም እንደ 28 አይደለም። ከ1 ጀምሮ እስከ ራሱ ካሉት ቁጥሮች ውስጥ ከእርሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው 640 ጊዜ 6,700,416 ማለትም 4,288,266,240 ናቸው፤ ይህ ከመቶ 99.8 ያህል ነው።

ከእነዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ጠባይ ነው። ለ4 ሲካፈሉ 1 የሚተርፋቸው ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ የሁለት ስኩዌር ቁጥሮች ድምር ሆነው፣ ያውም በአንድ መንገድ ብቻ፣ ሊጻፉ ይችላሉ። 13 ማለት 9 እና 4 ነው፤ 29 ማለት 25 እና 4 ነው፤ ሌላ መንገድ የላቸውም። የእኛ ቁጥር ለ4 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ እንዴት እንደተሠራ በማየት ብቻም አንዱን መንገድ እናውቃለን፣ የ65,536 ስኩዌር እና የ1 ስኩዌር ድምር ነው። ቁጥሩ ብቸኛ ቢሆን ኖሮ ሌላ መንገድ ባልተገኘለት ነበር። ይሁን እንጂ የ62,264 ስኩዌር 3,876,805,696 ነው፤ የ20,449 ስኩዌር ደግሞ 418,161,601 ነው፤ ሲደመሩ 4,294,967,297 ይሆናሉ። ይህን ድምር የሱቅ ካልኩሌተር ያለው ሁሉ ሊያረጋግጠው ይችላል፤ ብዙዎቹ 12 አሃዝ ስለሚያሳዩ አይሞላባቸውም። (20,449 ራሱ የ143 ስኩዌር መሆኑን ልብ ያለ አንባቢ ቢኖር ዓይኑ የሠለጠነ ነው።)

ሁለት መንገድ መኖሩ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን ከመናገር አልፎ አካፋዩንም አሳልፎ ይሰጣል። 65,536 ከ62,264 የሚበልጠው በ3,272 ነው፤ 20,449 ከ1 የሚበልጠው በ20,448 ነው፤ የእነዚህ የሁለቱ ትልቁ የጋራ አካፋይ 8 ነው። 65,536 እና 62,264 ሲደመሩ 127,800፣ 20,449 እና 1 ሲደመሩ 20,450 ይሆናሉ፤ ትልቁ የጋራ አካፋያቸው 50 ነው። የ8 ግማሽ 4፣ የ50 ግማሽ 25 ነው። 4 በራሱ 16፣ 25 በራሱ 625፣ ድምሩ 641። ይህንን መንገድ ያበጀው ኦይለር ነው።

አንድ ነገር መደበቅ ግን ተገቢ አይደለም። 62,264 እና 20,449 ከየት መጡ የሚል ሰው ቢኖር፣ እዚህ ያስቀመጥኳቸው ከአካፋዮቹ ተነሥቼ ነው። 641 የ25 እና የ4 ስኩዌሮች ድምር ነው፤ 6,700,417 የ2,556 እና የ409 ስኩዌሮች ድምር ነው፤ 25 ጊዜ 2,556 ላይ 4 ጊዜ 409 ሲቀነስ 62,264 ይወጣል፣ 25 ጊዜ 409 ላይ 4 ጊዜ 2,556 ሲደመር 20,449 ይወጣል። አካፋዮቹን ለማያውቅ ሰው ሁለተኛውን ድምር መፈለግ ራሱ አካፋይ ከመፈለግ የሚቀል አይደለም። ማረጋገጥ የደቂቃ፣ ማግኘት ግን የወራት ሥራ የሚሆንበት ይህ አለመመጣጠን በቁጥሮች ጥናት ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል።

ከዚህም የሚረቅ ልዩነት አለ፤ አንድ ቁጥር ብቸኛ አለመሆኑን ማወቅና የሚያካፍለውን ማወቅ አንድ አይደሉም። እንጀራ ሲጎርሱ ጥርስ ላይ የተንቀጫቀጨ ጤፉ አሸዋ እንዳለበት ወዲያው ይናገራል፣ ከኩንታሉ ውስጥ አሸዋውን ለይቶ ማውጣት ግን ሌላ ሥራ ነው። የፌርማ ሕግ ለዚህ ጥርስ ሆኖ ያገለግላል። አንድ ቁጥር ብቸኛ ከሆነ፣ እርሱ የማያካፍለውን ማንኛውንም ቁጥር ከእርሱ አንድ ባነሰ ጊዜ በራሱ አባዝተን በእርሱ ብንገድፍ 1 መትረፍ አለበት። 1 ካልተረፈ ብቸኛ አይደለም፤ አካፋዩን ባናውቀውም እንኳ ነገሩ ያለቀ ነው።

በእኛ ቁጥር ላይ ይህን በ2 ብንሞክር ፈተናው ይታለላል። 2³² በቁጥራችን ሲገደፍ አንድ የጎደለ ቀሪ እንደሚሰጥ ከአሠራሩ ይታወቃል፤ ስለዚህ 2⁶⁴ 1 ይተርፈዋል፤ ከቁጥራችን አንድ ያነሰው ደግሞ የ64 ብዜት ስለሆነ መጨረሻው እንደገና 1 ነው። የፌርማ ቁጥሮች ሁሉ፣ ብቸኛ ሆኑም አልሆኑም፣ በዚህ ፈተና ያልፋሉ። በ3 ሲሞከር ግን ነገሩ ይለወጣል። 3ን በራሱ ማባዛት፣ ውጤቱን መልሶ በራሱ ማባዛት፣ በየጊዜው በቁጥራችን መግደፍ፣ ይህን 32 ጊዜ መድገም ነው። ቁጥሩ ብቸኛ ቢሆን 1 መትረፍ ነበረበት፤ የሚተርፈው ግን 3,029,026,160 ነው። እዚህ ላይ የሱቅ ካልኩሌተር አይበቃም፤ በመካከል እስከ ሃያ አሃዝ የሚደርሱ ብዜቶች ይመጣሉ። በእጅ ግን 32 ማባዛትና 32 ማካፈል የአንድ ትጉህ ሰው የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። ፌርማ ሕጉንም እምነቱንም በአንድ ዓመት ውስጥ በእጁ ይዞ ነበር፤ ሕጉን በእምነቱ ላይ በ3 ቢሞክረው ኖሮ ስሕተቱን ራሱ ባገኘው ነበር። በ1877 ፔፓን የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ይህንኑ አጥብቆ፣ በ31ኛው እርምጃ ላይ ከቁጥሩ አንድ የጎደለ ቀሪ ከተገኘ የፌርማው ቁጥር በእርግጥ ብቸኛ ነው፣ ካልተገኘ አይደለም የሚል የማያዳግም ፈተና አወጣ። ለእኛው ቁጥር በዚያ እርምጃ የሚተርፈው 10,324,303 ነው።

ጎረቤቶቹን ሳናይ ማለፍ አይገባም። ከእርሱ በአንድ የሚያንሰው 4,294,967,296 በ32 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሆኑ 32 አሃዞች፣ ሊጻፉ የሚችሉ ቁጥሮች ብዛት ነው፤ ነባሩ የኢንተርኔት አድራሻ አሰጣጥ ሊያዳርስ የሚችለውም ይህንኑ ያህል አድራሻ ነበር። በሁለት የሚያንሰው 4,294,967,295 ደግሞ 3 ጊዜ 5 ጊዜ 17 ጊዜ 257 ጊዜ 65,537 ነው፤ ከእርሱ የሚቀድሙት የፌርማ ቁጥሮች ሁሉ ብዜት ማለት ነው። ከዚህ የሚከተለውን እናስተውል። የእኛን ቁጥርና ከቀደምቶቹ አንዱን የሚያካፍል ከ1 የሚበልጥ የጋራ ቁጥር ቢኖር የቀደምቶቹን ብዜት 4,294,967,295ንም ስለሚያካፍል፣ የዚህ ብዜትና የእኛ ቁጥር ልዩነት የሆነውን 2ንም ያካፍል ነበር፤ ሁሉም ጎዶሎ ስለሆኑ ይህ አይቻልም። እያንዳንዱ የፌርማ ቁጥር ከዚህ በፊት ያልታዩ ብቸኛ አካፋዮች ይዞ ይመጣል፤ የፌርማ ቁጥሮች ማለቂያ ስለሌላቸው ብቸኛ ቁጥሮችም ማለቂያ የላቸውም። 

ጀርመናዊው የሒሳብ ሰው ጋውስ በ1796 ገና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው፣ 17 እኩል ጎንና እኩል ማዕዘን ያለው ቅርጽ በማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ሊሠራ እንደሚችል አሳየ፤ ቀጥሎም ብቸኛ የሆኑ የፌርማ ቁጥሮች ለዚህ ሥራ ቁልፍ መሆናቸውን ገለጸ። ፈረንሳዊው ዋንትዜል በ1837 የቀረውን ግማሽ፣ ማለትም ከዚህ ውጭ ያሉት ሊሠሩ እንደማይችሉ የሚያሳየውን ማረጋገጫ ጨመረበት። የጎኖቻቸው ቁጥር ጎዶሎ ሆኖ እንዲህ ሊሠሩ እንደሚችሉ የሚታወቁት ቅርጾች 31 ብቻ ናቸው፤ ከመካከላቸው የጎን ብዛቱ ከፍተኛ የሆነው ያው 4,294,967,295 ጎን ያለው ነው። የእኛ ቁጥር ብቸኛ ሆኖ ቢገኝ ኖሮ ዝርዝሩ እዚያ ላይ አይቆምም ነበር።

ከአምስተኛው በኋላ ያሉት የፌርማ ቁጥሮች ታሪክ አጭር አይደለም። ስድስተኛው 18,446,744,073,709,551,617 ነው፤ ፎርቱኔ ላንድሪ በ1880፣ ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ 274,177 ጊዜ 67,280,421,310,721 መሆኑን አገኘ። ዘጠነኛው በ1990፣ ዐሥረኛው በ1995 ወደ ብቸኛ አካፋዮቹ ሙሉ በሙሉ ተፈታ፤ ዐሥራ አንደኛው ከሁለቱም ቀድሞ በ1988 ተፈትቶ ነበር፣ ትልቅ ቢሆንም ከአንዱ በቀር አካፋዮቹ ትንንሾች ስለነበሩ። ከዐሥራ ሁለተኛው ወዲያ ሙሉ በሙሉ የተፈታ የለም። ብዜታቸው ታውቆ አካፋያቸው የማይገኝላቸው ቁጥሮች ለምሥጢር መጠበቂያም ውለዋል፤ በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና ኤድልማን ያወጡት ዘዴ የቆመው በዚሁ አለመመጣጠን ላይ ሲሆን፣ ዛሬ በዚህ ዘዴ ከሚሠራባቸው ቁጥሮች የተለመዱት 617 አሃዝ አላቸው።

ከአምስተኛው እስከ ሠላሳ ሁለተኛው ድረስ ያሉት የፌርማ ቁጥሮች ሁሉ ብቸኛ አለመሆናቸው ተረጋግጧል። ከነዚህ ውስጥ ሃያኛውና ሃያ አራተኛው ብቸኛ አለመሆናቸው በፔፓን ፈተና ቢታወቅም አንድም አካፋይ እስካሁን አልተገኘላቸውም። ሠላሳ ሦስተኛው ግን ብቸኛ ይሁን አይሁን አይታወቅም። ከ2.5 ቢሊዮን በላይ አሃዝ ስላለው፣ ይህን የሚያህል ቁጥር ስምንት ቢሊዮን ተኩል ጊዜ ያህል በራሱ እያባዙ መግደፍ ለዛሬዎቹ ኮምፒውተሮችም አይሞከርም። የሚቻለው ኦይለርና ሉካስ ባሳዩት መንገድ ከ34,359,738,368 ብዜቶች በአንድ የሚበልጡ ብቸኛ ቁጥሮችን እያወጡ፣ በ641 ላይ እንዳደረግነው 2ን ደጋግሞ በራሱ እያባዙ በእነርሱ መግደፍ፣ አንዱ ከራሱ አንድ የጎደለ ቀሪ ይሰጥ እንደሆነም ማየት ነው።